የላይኛው ቤት ውሃ

መምህርቷ ሻጋታውን ለማንም አላሳየችም። እንግዳ ሲመጣ የአባቷን ክፍል በር ትዘጋና «ተኝተዋል» ትላለች። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ግድግዳው ከወገብ በታች ጠቁሯል። በበረኪና ፈገፈገችው፣ ቀለም ቀባችው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

አባቷ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ሳልም ይዟቸዋል። ቢሆንም አልጋቸውን ራሳቸው ያነጥፋሉ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ። መስኮቱን ግን «ብርዱ!» እያሉ አያስከፍቱም። መምህርቷ በጓደኞቿ ፊት «የእኔን አባት እንደሌላው ሽማግሌ እንዳታዩዋቸው» እያለች ትኮራባቸዋለች። እሳቸውም ይሰማሉ።

ሰኞ ዕለት ወንድሟ ደወለ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። ያ ክፍል ባለፈው በድንገት ገብቼ እንዳየሁት ከሆነ አባባን መጦሪያ አስገባቸዋለሁ። እሳቸውን መጦር አቅቶሻል ማለት ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ይነድዳል። አባቷን መጦር ያቃታት ልጅ ልትባል ነው! እፍረቷ ብዙ ሳይቆይ ቁጣ ሆነ፤ ቁጣውም ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። እዚያ አንድ ፀጉር አስተካካይ ብቻውን ይኖራል። ውሃው የሚወርደው ከእሱ መታጠቢያ ቤት መሆኑን ለጎረቤቱ ሁሉ ከነገረች ቆይታለች። ሰውዬው ሁለቴ «ቧንቧዬ ደህና ነው፣ ገብተሽ እዪው» ብሏታል። አልገባችም። አሁን አሁን ደረጃው ላይ ሰላም የሚለው ሰው የለም።

ሐሙስ ሻጋታ የሚያጸዳ ባለሙያ ጠራች። «እባክዎ፣ ምንም ያልተጻፈበት መኪና ይዘው ይምጡ» አለችው።

ባለሙያው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ገባ። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል።

«ማነው ያራቀው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባት ከወንበራቸው። «ግድግዳው አየር እንዲያገኝ ብዬ።»

ባለሙያው ወደ ኋላው ሲገባ በሁለት ሚስማር የተወጠረ ገመድ ትከሻውን ነካው።

«እሱ የካልሲ ማስጫ ነው» አሉ አባት ፈጠን ብለው።

የእርጥበት መለኪያው ኮርኒሱ ላይ ዝም አለ፤ ግድግዳው ላይ ጮኸ። ባለሙያው ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ከላይ ነው አይደል?» አለች መምህርቷ።

ባለሙያው መለኪያውን ኪሱ ከተተ።

«እስቲ ላይኛውን ቤት ልየው።»

ሩብ ሰዓት ቆይቶ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ከደጃፉ አላለፈም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ቧንቧዬ ያፈስ ኖሯል፤ አስጠግነዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መምህርቷ የልቧን ተናገረች። በሩ ክፍት ስለነበር ደረጃው ላይ የቆሙት ጎረቤቶች ሁሉ ሰሙ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ዓይንህን በጨው አጥበህ ስትዋሽ ትንሽ አታፍርም? እኚህ ሽማግሌ ሲያስሉ አትሰማም?» ሰውዬው መሬት መሬት እያየ ቆመ። ደረጃው ላይ አንዷ ሳቀችበት።

«ልጄ፣ ይብቃሽ» አሉ አባት።

«እርስዎ ደግሞ ለሰው ሁሉ ያዝናሉ!» ብላ ለወንድሟ ልትደውል ወደ ሳሎን ወጣች። ከወራት በኋላ ገና ዛሬ ቀና ብላ መራመዷ ነው። ባለሙያው በበኩሉ ግድግዳውን መፈግፈግ ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ውስጥ ዘለቀና በሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ሌሊት የረጠበውን አንሶላ እዚህ ደብቀው አያስጡ፤ ልጅዎ ሥራ ስትሄድ እየመጣሁ እወስደዋለሁ፣ እኔ ጋ በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ።»