በሞቴ ብላ

የዕድሜ ቆጣሪ እጃችን ላይ ከታሰረ ወዲህ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ እቴቴ ስንዱ ቤት ምሳ መብላት እፈራለሁ። ቆጣሪው ጎመን ስንበላ ቀን ይጨምርልናል፤ ቅቤ ስንበላ ይቀንስብናል። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ችግሩ ልመና አይገባውም። አንድ ሰው "በሞቴ ብላ" ካለ፣ እውነት መስሎት ቅናሹን ከበላው ሰው ሳይሆን ከተናጋሪው ዕድሜ ላይ ያነሳል።

"እቴቴ፣ ጎመኑ ይበቃኛል።"

"ምን በላህና? አጥንትህ ወጥቷል እኮ!" ቅቤ የጠገበ ክትፎ በእንጀራ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች።

"እጎርሳለሁ፤ ብቻ ያቺን ቃል እንዳትዪ።"

"የቷን ቃል? አፈር ስሆን፣ በሞቴ!" ብላ አጎረሰችኝ።

ገና ከመዋጤ የእሷ ቆጣሪ ጮኸ። የቀራት ዕድሜ አርባ አንድ ቀን የነበረው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው።

"አንድ ብቻማ አይሆንም" እያለች ሁለተኛውን ጠቀለለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና፣ ቃሉ ሳያመልጣት አፌን በሰፊው ከፈትኩ።