ግማሹ ስፌት የኔ ነው

ሎርና ፒክአፕ መኪናዋን ከመጋዘኑ ምሰሶ ጋር ስታላትማት ጣሪያው እስከ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ሆን ብላ ነው፤ በሩን አግድማ ነው ያቆመችው። አሁን ውስጥ የቆመው አውሮፕላን ቢፈልግም መውጫ የለውም።

«አበድሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ!» አለ ኔቪል ከክንፉ ሥር ብቅ ብሎ። የሟች እህቷ የቤሪል ባል ነው። «ምሰሶዬን እኮ ሰበርሽው!»

«ምሰሶህ ገደል ይግባ! ልጄ ኬሪን ትናንት ካንተ ጋር በርራ የመጣችው ፀጉሯ ቤንዚን ጠጥቶ ነው። ምድጃ ልትለኩስ ጎንበስ ስትል ክብሪቱን ከእጇ መትቼ ነው ያስጣልኳት። ልጄን ልታቃጥልብኝ ነው?»

«አንድ ሁለት ጠብታ ነው። በዚህ ሙቀት የማያልበው የነዳጅ ታንክ የለም።»

«ታንክ ያልበዋል? ጉድ በል ያገሬ ሰው!»

ገፍታው ገባች። ኔቪል ይህን አውሮፕላን እንጨቱን ከእንጨት አጋጥሞ፣ ሸራ አልብሶ፣ ዕድሜውን ፈጅቶ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ታንኩ ያለው ክንፉ ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ትከሻ በላይ ነው። ቤንዚኑ ሸራውን አርሶ፣ ኬሪን የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ጠብ ሲል በተከፈተው የአውሮፕላኑ በር በኩል አየች። ዛሬም ከሰዓት ወደ ፖርት ሊንከን ከተማ ይዟት ሊበር ቀጥሯታል።

ሎርና ሸራውን የምትቀድበት ቢላ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ገፈፈችው። ከሥሩ አዲስ የአሉሚኒየም ታንክ ተቀምጧል። ብየዳው ያለቀለት፣ አቧራ የጠገበ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ኔቪል ብርድ ልብሱን መልሶ ሊያለብሰው እጁን ዘረጋ።

«መቀየሪያውን ሠርተህ ደብቀሃል! እያወቅክ ነው እንዴ ልጄን የምታሳፍራት?»

«እሱን ለማስገባት ሸራው መቀደድ አለበት» አለ። «የቤሪል ስፌት መበጠስ አለበት። እጇ ከሠራው የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አይነካም።»

ይህን ለሎርና ማስረዳት አያስፈልግም። ሸራው በተሰፋበት ክረምት ክንፉን በጠርዙ አቁመው፣ ቤሪል ከወዲያ እሷ ከወዲህ ሆነው፣ ረጅሙን መርፌ በሸራው እያሳለፉ አንዷ ለአንዷ ስታቀብል ነው የከረሙት። ቤሪል ክሩን ባጠበቀች ቁጥር ምላሷን ትነክስ ነበር። ቤንዚኑ ደግሞ ወንበሩ ላይ ጠብ አለ።

«ለሞተችው ብለህ ያለችውን ትገድልብኛለህ?»

«ምንም አትሆንም አልኩሽ እኮ!»

«ግማሹ ስፌት የኔ ነው! የኔን እበጥሳለሁ!»

ቢላውን አንስታ መሰላሉ ላይ ወጣች። ኔቪል እግሯን ይዞ ጎተታት፤ በጀርባዋ ሲሚንቶው ላይ ተዘረረችና ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ቢላውን ግን አልለቀቀችም። በብሎን መፍቻ የእጇን አንጓ ሲመታት አጥንቷ ቀጭ አለ፤ ቢላው ወደቀ። በደህና እጇ ጆሮውን ጠመዘዘችው፤ በጉልበቷ ብሽሽቱን አለችው። ስልሳ ያለፋቸው ሁለት ሰዎች፣ ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጎን ለጎን ቆመው ኬክ ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች፣ እንደ ውሻ ተናከሱ።

ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት። ቢላውን በደህና እጇ አንስታ እስከ እጀታው ሸራው ውስጥ ሰካችና ወደ ራሷ ሳበችው። ክሩ ቋጠሮ በቋጠሮ እየተበጠሰ ሄደ። የሷ ሲበጠስ የእህቷም አብሮ ረገበ፤ አንድ ክር ነዋ፣ ግማሽ ብሎ ነገር የለውም። ኔቪል ቤሪል ዛሬ የሞተች ይመስል ጮኸ። ዘልሎ ቢላውን ከእጇ ነጠቃት።

ሊወጋኝ ነው ብላ እጇን ፊቷ ላይ ጋረደች። እሱ ግን ሸራውን ይቀደው ጀመር።

«ይኸውልሽ! ይኸውልሽ! አሁን ደስ አለሽ?»

አሮጌው ታንክ ታየ። የሚሆነው ከሆነ በኋላ ምኑን ይጠንቀቅ፣ ቤንዚኑን እንኳ ሳይቀዳ ማሰሪያውን ፈቶ ጎተተው። የሥሩ ብየዳ እንደበሰበሰ ጨርቅ ተተረተረ። ቤንዚኑ ፊቱ ላይ፣ አፉ ውስጥ ተደፋ፤ የኬሪንን ወንበር ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኔቪል ዓይኑ እየተቃጠለ ወንበሩን አየ። ቆሞ አየው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቤንዚኑ ላይ ቁጭ አለ።

ሎርና ኮሌታውን ጨምድዳ፣ በመኪናዋ ጎን አሾልካ፣ በፀሐይ ውስጥ እየጎተተች የበጎቹ ማጠጫ ገንዳ ድረስ ወሰደችው። ጭንቅላቱን ውሃው ውስጥ ነከረችው። አወጣችው፤ ደግማ ነከረችው።

«እያወቅክ!» ትላለች። «እያወቅክ!»

ፊቱን ልታጥብለት ነበር ያመጣችው። አሁን ግን በተሰበረው እጇ ሳይቀር እየተጫነችው ነው፤ እጇ እንቢ አላት፣ አልለቅም አለ። ልጇ ስትነድ ይታያታል። ቆየት ብላ ነው ልብ ያለችው፤ ኔቪል አይታገላትም። እጆቹ ጭቃው ላይ ተዘርግተው ዝም ብለዋል።

ክው አለች። በፀጉሩ ጎትታ አወጣችው።

«ተንፍስ!»

አልተነፈሰም።

«ተንፍስ፣ አንተ የተረገምክ! እኔን ለማን ጥለህ? ቤሪልን የሚያውቃት ሌላ ሰው የት አለኝ? ተንፍስ እንጂ!»

ጀርባውን በጡጫ ደበደበችው። ኔቪል ውሃና ቤንዚን አስመለሰ፤ ከዚያ አየሩን እያፏጨ ሳበው። በጎቹ ባሕር ዛፉ ሥር ተጠጋግተው ያያሉ። ሎርና እያለቀሰች መምታቷን አላቆመችም።