በሰም የታሸገው ቆርቆሮ

ከበግ ፀጉር የሚሸመን ባና የሚነግደው የዘመሮው ወልደ ጻድቅ ዕቃው በብል ተበልቶበት አያውቅም። ክረምት በወጣ ቁጥር የሌላው ነጋዴ ባና ወንፊት ሆኖ ሲገኝ፣ የእሱ ከሸማኔ እጅ እንደወረደ ከበርሜል ይወጣል። ዘዴውን ያስተማረው አንድ የደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ድሬሰር ነው፤ ወልደ ጻድቅም ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ባናውን በርሜል ውስጥ ትከታለህ፣ ከላይ ጧፍ ለኩሰህ ታቆማለህ፣ ክዳኑን ገጥመህ ዙሪያውን በቀለጠ ሰም ትመርገዋለህ። ጧፉ የበርሜሉን አየር ጨርሶ ይጠፋል፤ ብሉም እስትንፋስ አጥቶ ያልቃል። ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍቶ ማናፈስና እንደገና ማሸግ ነው።

ሰሙን የምታቀልጠውና ክዳኑን የምትመርገው ሚስቱ ሙሉመቤት ነበረች። ከሷ የሸሸገው የንግድ ምስጢር የለውም። አንድ ዕቃ ብቻ አያስነካትም። ቆጡ ላይ አንድ የላምባ ቆርቆሮ አለ፤ እሱን ራሱ ያሽገዋል፣ በሰሙም ላይ ቀለበቱን ያትምበታል።

ሙሉመቤት ውስጡ ያለውን ማንም ሳይነግራት አወቀችው። የወለተጊዮርጊስ ባና ነው።

ወለተጊዮርጊስ የወልደ ጻድቅ የፊት ሚስት ናት። ከሞተች ስምንት ዓመት ቢሞላትም የዘመሮ ሴቶች ስለ ፈትል ባወሩ ቁጥር ስሟን ያነሳሉ። ለሠርጓ የፈተለችው ባና ዝናብ አያሳልፍም ነበር ይላሉ። ሙሉመቤት ይህን ስትሰማ ትቀናለች። በሕይወት ያለች ጣውንት ብትሆን ፀጉሯን ነጭታ ትገላገላት ነበር። የሞተችን ሴት ግን ምን ያደርጓታል? አታረጅ፣ አትነጫነጭ፣ ወጥ አታሳርር።

ይበልጥ ያንገበገባት ጊዜው ነው። ቆርቆሮው ቆጡ ላይ የወጣው እሷ የሁለት ዓመት ልጇን በኩፍኝ ባጣችበት ሰሞን ነበር። እሷ የልጅቷ ስም በዚህ ቤት እንዳይነሳ ሁሉንም አስምላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ሳለ፣ ባሏ የድሮ ፍቅሩን ያሽግ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለጥር አስተርእዮ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ቤቱ ጧፍ ጧፍ ይሸታል። የቆርቆሮው ሰም አዲስ ነው፤ የወልደ ጻድቅም ዓይን ቀልቶ ይቆያታል።

ጎረቤቷን አሰጋሽን አማከረቻት። አሰጋሽ ጥቂት አስባ፣ ወለተጊዮርጊስም የሞተችው በጥር እንደነበር አስታወሰቻት። ለሙሉመቤት ይኸው በቃት።

አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ጠይቃዋለች።

‹‹እዚያ ውስጥ ያስቀመጡት የማን ነው?››

‹‹የሞተ ሰው ዕቃ ነው›› አላት ወልደ ጻድቅ። ‹‹አንቺን ከማሳዘን በቀር አይረባሽም፤ ተይው።››

እሷ ግን አልተወችውም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ፣ ወልደ ጻድቅ ለገበያ መሐል ሜዳ ከተማ በወረደ ዕለት ቆርቆሮውን ከቆጥ አወረደችው። ክዳኑን ልትከፍተው አልደፈረችም፤ የቀለበቱ ማኅተም ከተነካ እንደሚያውቅባት ታውቃለች። ገልብጣ ቂጡን በሚስማርና በድንጋይ በሳችው። ቀጥላ ከተጣለ አሮጌ ባና ላይ ብል የሚርመሰመስበትን ሱፍ ቆነጠረችና በወስፌ እየገፋች በቀዳዳው አስገባችው። ቀዳዳውን አልደፈነችውም። አየር ካገኘ ብል ሥራውን ያውቃል። ቆርቆሮውን እንደነበረ መለሰችና እጇን ታጠበች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሴት ሆነች። እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፤ ምግብ በላች፤ በርሜል ስትመርግ ታንጎራጉራለች። ቀና ብላ ቆጡን ስታይ ደስ ይላታል። የወለተጊዮርጊስ ዝነኛ ፈትል እዚያ ላይ ክር በክር እያለቀ ነው። ወልደ ጻድቅም የሚስቱ ፊት መፍካት ገርሞት፣ አንድ ሙክት ገዝቶ፣ ሐዘኗ እንዲለቃት የተሳለውን ስለት አገባ። እሷ ከሙክቱ ሥጋ ጥሩ አድርጋ በላች።

ጥር አስተርእዮ ደረሰ። ሙሉመቤት ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ወትሮዋ ብቻዋን ወጣች። መንገድ አጋምሳ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆማ አየችው። ስድስት ወር የጠበቀችውን ነገር እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

ወልደ ጻድቅ ማኅተሙን ሰብሮ ክዳኑን አንሥቷል። የለኮሰው ጧፍ ከአጠገቡ ቆሟል። እጁን ሰዶ አወጣ፤ በመዳፉ ላይ የቀረው አቧራና ጥቂት የተበጣጠሰ ሱፍ ነው። ደግሞ ሰደደ፤ ያው ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ያለቅስ ጀመር።

ሙሉመቤት በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ጣውንቷ ዛሬ ገና ሞተች። ፊቷን አስተካክላ ገባች።

‹‹ምነው፣ ምን ሆኑ?››

ወልደ ጻድቅ ደንግጦ ቆርቆሮውን በጋቢው ሊሸፍነው ሞከረ። ወዲያው ግን ተወው።

‹‹ያኔ የልጃችንን ልብስ ሁሉ አቃጥል ስትዪኝ፣ ይችን የባና መታቀፊያዋን እሳት ላይ መጣል አቃተኝ›› አላት፤ ‹‹አንድ ቀን ስጠኝ ትዪኝ ይሆናል ብዬ ነበር።››