ያልተቆለፈው ሄልሜት

ትራፊክ ፖሊሷ ሥራ በጀመረችበት ቀን ፊሽካዋን ነፍታ ያስቆመችው ሞተረኛ የገዛ አባቷ ሆኖ ተገኘ። ሄልሜት አድርጓል፤ ማሰሪያው ግን ሳይቆለፍ አገጩ ስር ይወዛወዝ ነበር። አለቃዋ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያታል። መግቢያ ቀዳዳ አጣች።

«አባዬ፣ ሕጉ እኮ ይቆለፍ ነው የሚለው! ሰው ፊት ታዋርደኛለህ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባትየው እንደ ሕፃን አገጩን ቀና አደረገላት። ማሰሪያውን ራሷ ቀጭ አድርጋ ቆለፈችው። ከዚያ ጨክና የቅጣት ወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለ ፊቱ በርቶ። «ስንቴ ዞርኩ መሰለሽ! ቆልፌ ሳልፍ ዞር ብለሽም አላየሽኝ። ሥራሽን ልይ ብዬ ነው የፈታሁት።»

ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለአላፊ አግዳሚው ጮኸ፦

«ልጄ ናት የቀጣችኝ! የአብራኬ ክፋይ!»