የሚይዛት ሰው

«ክፍል መግባት ካቆመች ቆይታለች ትላለች» አለች ሀሴት፣ ላውድ ላይ ካደረገችው ስልክ ፊቷን መለስ አድርጋ። «አልጋዋ ላይ ነው የምትውለው። ምግብ ሲያመጡላት ትመልሳለች። እናቴ አልፈለገችኝም ነው የምትለው።»

ሚልክያስ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። ስልኩ ላይ ያለችው ሃንጋሪ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎችን ጤና የምትከታተል ሴት ናት። ልጁ ሩሃማ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ እዚያ ትማራለች። እንግሊዝኛውን የወንድሙ ልጅ ሀሴት ታስተረጉምለታለች።

የሩሃማ እናት ምህረት ከሞተች ወራት አልፈዋል። ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ብቻዋን ናት ተብሎ ተደበቀ። እናቴን አቅርቡልኝ ባለች ቁጥር፣ ገጠር፣ ኮልቾ እህቷ ዘንድ ናት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ይሏታል። ማንም ክፉ አላሰበም። ለብቻው ባዕድ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጂንካ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሩሃማ ግን ሌላ ነገር አሰበች። እናቷ አትሂጂብኝ ብላ ስታለቅስ ትታት ነበር የሄደችው። ተቆጥታ፣ ላትታረቀኝ ቆርጣ ነው አለች።

ዛሬ ይነገራት ያለው ሚልክያስ ራሱ ነው። መርዶ በጠዋት ነውና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችና የሰፈሩ ሴቶች ገና ጎህ ሲቀድ መጥተው ሳሎኑን ሞልተውታል። የሴትየዋ ቢሮ የሚከፈተው ግን እዚህ ሲረፍድ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስካሁን ይጠብቃሉ። መርዶ የምትረዳው ልጅ ሃንጋሪ፣ አርጂው ሁሉ ጂንካ፤ ምን ዓይነት ጉድ ነው!

«ማን ይይዛታል በያት።»

ሀሴት ጠየቀች። «ምን ማለት ነው አለች፣ አጎቴ።»

«ስትሰማ ራሷን መሬት ላይ ትጥላለቻ! ሁለት ሴት ግራና ቀኝ ይቀመጡ። ብርጭቆ ምናምን ካጠገቧ ያንሱ። ስታለቅስ ዝም በይ አይበሏት። ብቻ እንዳይለቋት።»

ትርጉሙ ረዘም አለ። «ሳትፈቅድ ተማሪ መንካት ክልክል ነው አለች። ግን አጠገቧ ነኝ፣ ሐኪምም በር ላይ አለ፣ ውሃና ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ ትላለች።»

«ሶፍት!» ሚልክያስ በገነ። ወዲያው ደግሞ ፈራ። ይህችን ሴት ቢያስቀይም ልጁ እዚያ ሌላ ማንም የላትም። «ተባረኪ በያት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሩሃማን ትጥራት።»

በር ሲከፈት፣ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«አባ?» ድምፅዋ ቀጥኗል። «እማ መጣች እንዴ?»

ሲያዘጋጅ ያደረው ቃል ሁሉ ጠፋበት። «ሩሂ፣ እናትሽ ኮልቾ አይደለችም። ዋሽተንሻል። ታማ ነበር። ሞታለች፣ ልጄ። ከሞተች ቆየች።»

ሳሎን ያሉት ሁሉ ወደ ስልኩ አዘነበሉ።

«እና አልተቆጣችኝም?» አለች ሩሃማ።

«ኧረ በፍጹም! ስምሽን እየጠራች ነው የሄደችው።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ወንበሩ ወደቀ፤ ከወንበሩ ቀጥሎ ደግሞ ከሱ የከበደ ነገር ወደቀ። የሰፈሩ ሴቶች እሪ አሉ። ሚልክያስ ወደ ስልኩ ሊወረወር ሲል ሽማግሌዎቹ በትከሻውና በክንዱ ጥርቅም አድርገው ያዙት።

«እኔን ልቀቁኝ! ያዟት! ሀሴት፣ ትያዛት በያት!»

ሀሴት በእንግሊዝኛ ጮኸች። ከማዶ፣ በልቅሶው መሃል፣ የሴትየዋ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል።

«ምንድን ነው የምትለው?»

«ሩሃማን እየጠየቀቻት ነው።» ሀሴት እንባዋ ወረደ። «ልያዝሽ ወይ? እያለቻት ነው።»

ሩሃማ አትመልስም። ትጮኻለች።

ሴትየዋ እንደገና ጠየቀቻት።