ከአርባ በታች መግባት ክልክል ነው

ሽብሩ ሆሳዕና ውስጥ ባነርና የሠርግ ጥሪ ካርድ እየሠራ ሃያ ዓመት ኖሯል። የልቡ ምኞት ግን ሌላ ነበር፤ ሰው አይቶት በርግጎ የሚሸሽ፣ ሸሽቶም ተመልሶ የሚያየው የአስፈሪ ፊልም ፖስተር መሥራት። በከተማው አስፈሪ ፊልም የሚሠራ ስላልነበረ ምኞቱን በሠርግ ካርድ ላይ ይወጣው ነበር። ባለፈው ጥር የአንዲት ሙሽራን ስም ደም በሚያንጠባጥብ ቀይ ፊደል ጽፎ ከአባቷ ጋር ለሽምግልና ተቀምጧል።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እህተማርያም የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ሱቁ ገብታ፣ "ሰው የሚያስደነግጥ ፖስተር እፈልጋለሁ" ስትለው፣ ወንበሩን በገዛ እጅጌው ጠርጎ አስቀመጣት።

"ስለ ምንድነው?"

"ስለ ገዳይ ነው። ድምፅ የለውም። ከሰው ጋር አብሮ እየበላ፣ አብሮ እየተኛ ይኖራል። ሰውየው አያውቅም።"

የሽብሩ ፀጉር ቆመ፤ ከደስታ የተነሳ።

"ከዚህ በፊት ፖስተር አሠርታችኋል?"

"አምና ዳምቦያ ላይ ሞክረን ነበር። አሥራ አንድ ሰው መጣ።"

"ምን ነበረበት?"

"ፈገግ ያለ ቤተሰብ።"

"እህቴ፣ ፈገግ ያለ ቤተሰብ ለማየት ማን ከቤቱ ይወጣል?"

ከዚያ ሃያ ዓመት ያጠራቀመውን ትምህርት ዘረገፈው። መደቡ ጥቁር ይሆናል። ከሩቅ አንድ መስኮት ብቻ የበራበት ቤት ይታያል። በሩ ገርበብ ይላል፤ ዝግ ከሆነ ሰው ያልፈዋል፣ ወለል ካለ ደግሞ የጎረቤት ቤት ይመስላል። ፊደሉ በጥፍር የተቧጨረ ነው።

"ገዳዩን ግን አናሳይም። ካሳየናቸው እዚያው ፖስተሩ ላይ አይተውት ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ። እጁን ብቻ እንሰጣቸዋለን።"

ለእጅ የሚሆን ሰው ስላላገኘ የራሱን ግራ እጅ ዱቄት ነስንሶበት፣ ከበሩ ስንጥቅ ሲወጣ ፎቶ አነሳው። አይቶት ራሱ ደነገጠ።

እህተማርያም ከታች የሚጻፈውን በብጣሽ ወረቀት ሰጠችው። መግቢያ በነፃ። ከአርባ ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው። ቡና ጠጥቶ መምጣት አይፈቀድም።

"ከአሥራ ስምንት ለማለት ነው?"

"አይደለም ጋሽ ሽብሩ፣ ከአርባ።"

"ቡናውስ?"

"እሱም እንዳለ ይጻፍ።"

ምሳ ላይ ለሚስቱ ለገነቴ ነገራት። ገነቴ አስተማሪ ናት፤ ስትጠይቅም እንደ ፈተና ነው።

"ፊልሙን አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"ተዋናዮቹ እነማን ናቸው?"

"አልነገረችኝም።"

"መግቢያው ደግሞ በነፃ። ሽብሩ፣ በዚህ ከተማ በነፃ የሚጠራህ ሰው ወይ የኔትወርክ ንግድ የሚሠራ ነው፣ ወይ አዲስ ሃይማኖት ይዞ የመጣ ነው።"

"ቡና ይከለክላሉ።"

"እንግዲያው ሃይማኖት ነው።"

ሽብሩ ማጅራቱን እያሸ ስልኩን አነሳ። ለእህተማርያም ቢደውልላት፣ "ቅዳሜ ሁሉንም ያዩታል" ብላ ዘጋችበት።

ፖስተሩ በየግድግዳው ተለጥፏልና ላውርድ ቢል እንኳ ጊዜው አልፏል። ከተማው አብዷል። አንድ ሽማግሌ ፖስተሩ ላይ ያለውን እጅ በጃንጥላ ወጉት። አንድ ፓስተር በኢየሱስ ስም ገሠጹት፤ ሲመለሱም እንደገና ቆመው አዩት። የባጃጅ ተሳፋሪዎች "እጁ ጋ ወራጅ አለ" ማለት ጀመሩ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰዎች አርባ ሞልቶናል ብለው ማሉ። ዕድሜያቸውን በመደበቅ የታወቁ እመቤቶች መታወቂያ ይዘው ተሰለፉ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ከጃጁራና ከሞርሲቶ ሳይቀር መጥተዋል። ሽብሩ የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ላቡ ይወርዳል። እህተማርያምን ማንም አያውቃትም፤ እሱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ነገ ሰዉ ተታለልኩ ቢል የሚሰበረው የሽብሩ ሱቅ ነው።

በሩ ሲዘጋ አላስቻለውም። መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ።

"ወገኖቼ! ፖስተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ! ፊልም የሚባል ነገር የለም፤ ተሸውደናል! ካላመናችሁ ይኸው!"

መጋረጃውን ጎትቶ ጣለው።

ከኋላው ስድስት ነጭ ጋውን የለበሱ ነርሶች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛዎቹ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ተደርድሯል። ሰባተኛዋ እህተማርያም ነበረች፤ እሷም ጋውን ለብሳለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ "ፖስተሩን የሠራው ይጀምር!" ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሽብሩም ሳቀ። ሱቁ ተርፏል። ወንበር ስቦ እህተማርያም ፊት ተቀመጠና እጅጌውን ሰበሰበ።

"እንዲህ ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

"ቢያውቁ ይመጡ ነበር?"

"እኔ ምን አለብኝ! እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ። ይልቅ እነዚያን ለኪያቸው" አለና፣ በነፃው እጁ ለሕዝቡ ሰላምታ እየሰጠ ሕዝቡን እንደገና አሳቀው።

እህተማርያም ደግማ ለካችው፤ ሌላኛውን ክንዱን ሞከረች፤ ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ፣ "ሁለት መቶ ሃያ በመቶ ሠላሳ ነው፤ ሳታስደነግጡት አምቡላንሱን ወደ በሩ አስጠጉ" አለቻት።