ጮክ ያለ ስህተት

ስክሪኑ እንደገና ቀላ። ልጅቷ ኮዱን ገጣጥሞ ፕሮግራም የሚያደርገውን ቢልድ ከጠዋት ጀምሮ ብታስነሳው ብታስነሳው እየወደቀባት ነው። አለቃዋ ቁርጡን ነግሯታል፤ እስከ ምሳ ካልሠራ የሙከራ ጊዜዋ አይራዘምም፣ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች።

መመሪያውን አንብባለች። መመሪያው «የቆዩ ባልደረቦችን ጠይቁ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ጠየቀች፤ የመለሰላት ሰው «መመሪያውን አንብቢ» አላት። የቆየው ባልደረባ ደግሞ ይኸው ፊት ለፊቷ ተጎልቷል። ሊቁ ይሉታል። ሲስተሙን የዘረጋው እሱ ነው፤ የሚያውቀውን ለሰው ከሚያካፍል ግን ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል።

«ጋሼ፣ አንዴ ቢያዩልኝ?»

«እኔን ማን አሳየኝ?» ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «የዘንድሮ ልጅ እንደሆነ አጉርሱኝ ነው ሥራው።»

ጥግ ላይ ያለው አንዱ ሳቀ። ደሟ ፈላ። ቢሆንም እዚህ ስትሠራ ስለ ሊቁ አንድ ነገር ተምራለች፤ ሲጠይቁት ጆሮ የለውም፣ ሰው ሲሳሳት ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረች።

«በቃ አገኘሁት! ሴቲንግ ፋይሉን ጠቅላላ ማጥፋት ነው። ለአዲስ ገቢዎችም መመሪያው ላይ እጽፈዋለሁ።»

ወንበሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ሊቁ ከኋላዋ ደርሷል።

«ምን አልሽ? ማጥፋት? አብደሻል እንዴ አንቺ! የድሮውን ስሪት እየጠራ እኮ ነው የሚወድቅብሽ! ፋይሉ ውስጥ የስሪቱን ቁጥር ወደ አዲሱ ትቀይሪያለሽ፣ ካሹን፣ ያን የተጠራቀመ አሮጌ ፋይል፣ ታጸጃለሽ፣ ከዋናው ፎልደር ታስነሻለሽ! ይሄ ለማን ይጠፋዋል?»

እሱ ሲሳደብ እሷ ትጽፋለች። ቁጥሩን ቀየረች። «ደንቆሮ!» ካሹን አጸዳች። «ማን ነው ዲግሪ የሰጠሽ?» አስነሳች።

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ሊቁ አላየውም፤ በስድቡ ካስተማሯት አልፎ ወዳሳደጓት ወርዷል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችው።

ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ አላላትም። ሥራዋ ለዛሬ ተርፏል። ሊቁ እያጉረመረመ ወደ ወንበሩ ሲመለስ፣ እሷ ነገ ምን ብላ እንደምትሳሳት ማሰብ ጀመረች።